ጎንደር ላይ በትንሽ ገንዘብ የካሜራ ፍላሽ ስገዛ ያየሁት

ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆና ወጣች። ጥር 2010 ዓ.ም.፣ አዘዞ፣ የአንድ የሰፈራችን ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ካሜራዬ ካነን 700ዲ፣ ሌንሴ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55፣ ፍላሹ ደግሞ ከአንድ ፎቶ ቤት ለአንድ ቀን የተዋስኩት። ኢንተርኔት ላይ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «ፍላሹን ሰው ፊት ላይ አትደቅኑት፣ ወደ ኮርኒስ አዙሩት፣ ብርሃኑ ነጥሮ ሲመለስ ይለሰልሳል» ይላሉ። እኔም አዞርኩት። የእነሱ ኮርኒስ ነጭ ነው፤ የእኔ ኮርኒስ የተከራየ አረንጓዴ የድንኳን ሸራ ነበር። ብርሃኑ እውነትም ነጥሮ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን የሸራውን ቀለም ይዞ መጣና የሙሽራዋን ፊት፣ ቬሎዋን፣ የሚዜዎቹን ሸሚዝ ሁሉ ጎመን አስመሰለው። የሙሽራዋ እናት ፎቶዎቹን እያገላበጡ «ልጄ ያን ቀን አሟት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የራሴን ፍላሽ ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው። እስክገዛው ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ። ገንዘብ ማጠራቀሙ ሦስት ወር ቢወስድ ነው፤ ቀሪው በማላውቀው ነገር ስደናበር ያለቀ ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው ያንን አምስት ወር ሌላ ሰው እንዳይከፍለው ነው።

«ስንት ገዛኸው?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ስለሚመጣ እሱን ላስቀድም። ያኔ የከፈልኩትን ብር ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ለማመዛዘን ያህል በዶላር ልናገር፦ የካነን የራሱ ትልቁ ፍላሽ፣ 600ኢኤክስ ሁለተኛው፣ ሲወጣ ከ500 ዶላር በላይ ነበር። ጎዶክስ ቲቲ 600 የሚባለው የቻይና ፍላሽ ግን ውጭ አገር ከ60 እስከ 70 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ነው የኖረው። በአንዱ ዋጋ ሰባቱ ይገዛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ስለ ርካሾቹ ነው።

መጀመሪያ ግን በነጻ ፍላሽ ላገኝ ነበር። አጎቴ በደርግ ጊዜ ፎቶ ቤት ይሠራ ነበር። ፍላሽ እየፈለግኩ መሆኔን ሲሰማ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቶ አወጣና፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ስሙ የተፋቀ ትልቅ ፍላሽ ሰጠኝ። «ይሄ እያለ ምን ትገዛለህ? ይሄ ስንት ሙሽራ ድሯል!» አለኝ። አራት ባትሪ ድንጋይ ከተትንበት። ሲሲሲ እያለ ሞላ፤ ስንጫነው ቤቱ ነጭ ሆነ። ካሜራዬ አናት ላይ ልሰካው እጄን ዘርግቼ ነበር።

ያቆመኝ አንድ ቦታ ያነበብኩት ነገር ነው፦ የድሮ ፍላሾች በእግራቸው በኩል ወደ ካሜራው የሚያሳዩት ቮልቴጅ ከፍተኛ ነው የሚል። ፍላሹን ይዤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ልጁ ፍላሹን እስኪሞላ አቆየው፣ መለኪያውን ቀጥታ ቮልት ላይ አደረገ፣ ቀዩን ሽቦ ከፍላሹ እግር መሐል ያለችው ክብ ነጥብ ላይ፣ ጥቁሩን ከጎን ያለው ብረት ላይ አስነካ። 231 አለ። መለኪያው የተበላሸ መስሎት በሌላ ነገር ሞከረው፤ ደህና ነው። እንደገና አስነካ፤ 231። ቀና ብሎ «ይሄን የት ነው የምትሰካው?» አለኝ። ካሜራዬን አሳየሁት። «ካሜራውን ጠልተኸዋል ማለት ነው» አለ።

የፊልም ካሜራ ፍላሹን የሚያስነሳው ሁለት ብረት በማገናኘት ነው፤ 200 ቮልትም ቢመጣ ግድ የለውም። ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያንን ሥራ የሚሠራው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። አንዳንዱ ካሜራ ከጥቂት ቮልት በላይ አይችልም፤ የሚችል ቢኖርም የኔው መቻሉን በዚያ መንገድ መፈተን አልፈለግኩም። ዛሬ የሚሠሩት ፍላሾች ጥቂት ቮልት ብቻ ነው የሚያሳዩት። ቤታችሁ የቆየ፣ ወይም «አባቴ ትቶልኝ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ካጋጠማችሁ ሳታስለኩ አትስኩት። የአጎቴ ፍላሽ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። እሱ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው።

ቀጥሎ ያደናገረኝ የማንዋልና የቲቲኤል ነገር ነው። ሻጮች ቲቲኤል የሆነውን «ኦቶማቲክ» ይሉታል፣ ዋጋውም ከማንዋሉ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቲቲኤል ፍላሽ ከፎቶው በፊት ትንሽ ብልጭታ ይልካል፤ ካሜራው በሌንሱ በኩል ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ለክቶ «ይህን ያህል ተኩስ» ብሎ ያዘዋል። ማንዋል ፍላሽ ላይ ግን ኃይሉን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያለ እስከ 1/128 ይወርዳል።

ኦቶማቲክ እያለ ማንዋል የሚገዛ ሰው ሞኝ ይመስላል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን የኛን ሰርግ አስቡት። ሙሽራዋ በቬሎ፣ እናቶች በሐበሻ ቀሚስ፣ አባቶች በጋቢ፤ ካሜራው ፊት ያለው ነገር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ የፍላሹን ኃይል ይቀንሳል፤ ልብሱ ግራጫ፣ የሰዎቹ ፊት ደግሞ ከሰል ይሆናል። የምረቃ ቀን ተቃራኒው ነው፤ ሰው ሁሉ ጥቁር ጋውን ስለሚለብስ ካሜራው «ጨለማ ነው» ብሎ ይጨምራል፤ ፊት ይነጣል። ይህን የሚያስተካክል ማዘዣ ካሜራው ላይ አለ፣ ግን ያንን እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ የምትውሉ ከሆነ ኦቶማቲክነቱ ምኑ ላይ ነው? ማንዋሉን አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ ከሰውየው ያላችሁን ርቀት ካልለወጣችሁ፣ ነጭም ጥቁርም ቢለብስ ፎቶው አይለዋወጥም።

ቲቲኤል የሚያሸንፍበትን ቦታ ልደብቅ አልፈልግም። ሙሽሮች ከመኪና ወርደው በእልልታ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ እናንተ ወደኋላ እየተራመዳችሁ ነው የምታነሱት፤ አንዴ በሁለት ሜትር፣ አንዴ በአምስት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጅ ይቀንሳል። በዚያች አምስት ደቂቃ ማንዋል ያለው ሰው ያልበዋል። እኔ የማደርገው ርቀቴን እንደ ገመድ መያዝ ነው፤ እነሱ አንድ እርምጃ ሲመጡ እኔም አንድ እርምጃ እሸሻለሁ። ገንዘብ ያለው ቲቲኤል ይግዛ። ለመጀመሪያ ፍላሽና ለቀጭን ኪስ ግን ማንዋል ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በ2012 ጓደኛዬ ካነን 2000ዲ ገዛና «አንተ የገዛኸውን ፍላሽ እኔም ልግዛ» ብሎ አብረን ፒያሳ ወጣን። ካሜራውን ቤት ትቶታል። ሻጩ ፍላሹን አወጣ፣ ባትሪ ከተተ፣ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫነ፤ ቦግ አለ። ከፈለ። ማታ ደወለልኝ፦ «አይሠራም!» ሄጄ አየሁት። ፍላሹ ደህና ነው፤ እኔ ካሜራ ላይ ስሰካው ይተኩሳል፤ እሱ ካሜራ ላይ ዝም። ግማሽ ሌሊት ቅንብር ስንነካካ ቆይተን በመጨረሻ ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ በስልክ ባትሪ አየነው። የኔ ካሜራ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ክብ ነጥብ አለ፤ ዙሪያዋን ትንንሽ ነጥቦች ናቸው። የሱ ካሜራ ላይ ትንንሾቹ አሉ፣ ትልቋ የለችም። ባዶ ፕላስቲክ ነው።

ካነን ዋጋቸው ዝቅ ያሉ አንዳንድ ካሜራዎች ላይ፣ 4000ዲና 250ዲም ጭምር፣ ያችን የመሐል ነጥብ አንስቷታል። ማንዋል ፍላሽ ደግሞ የሚናገረው በሷ በኩል ብቻ ነው። ካሜራው «ተኩስ» የሚልበት አፍ የለውም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ያለው ሰው ለካነን ተብሎ የተሠራ ቲቲኤል ፍላሽ ያስፈልገዋል፤ እሱንም ቢሆን ካሜራው ላይ ሰክቶ ሳያይ ገንዘብ ባይቆጥር ይሻለዋል። ጓደኛዬ ፍላሹን መልሱልኝ ቢል «ሲሠራ አይተህ አይደል የወሰድከው» ተባለ። ሻጩም አልዋሸም፤ በቁልፉ ሲጫነው ሠርቷል። ስለዚህ ፍላሽ ልትገዙ ስትሄዱ ካሜራችሁን አንግታችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁም በፊት አናቱን እዩት፤ መሐሉ ላይ ትልቋ ክብ ካለች ማንኛውም ዘመናዊ ማንዋል ፍላሽ ይሠራላችኋል። ሶኒ ያላችሁ ደግሞ የሶኒ መሰኪያ ከነካነን ለየት ያለ በመሆኑ ሰክታችሁ ማየቱ ለእናንተ ይብሳል።

ቲቲኤል የምትገዙ ከሆነ የሞዴሉ ቁጥር ጭራ ላይ ያለችውን ፊደል ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ቲቲ 685 የሚባለው ሲ ካለበት ለካነን፣ ኤን ካለበት ለኒከን፣ ኤስ ካለበት ለሶኒ ነው። ከውጭ የሚመጣላችሁ ዘመድ ካለ ፊደሏን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ «ያው ነው» ብሎ የሌላውን ያመጣላችኋል።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ቲቲ 600 ነው። የመረጥኩት ስለ ኃይሉ አልነበረም፤ ሆዱ ውስጥ የሬዲዮ መቀበያ ስላለው ነው። ካሜራው አናት ላይ ትሪገር የምትባል ትንሽ መላኪያ ይሰካል፣ ፍላሹ ደግሞ ወንድሜ እጅ ላይ ወይም ስታንድ ላይ ሆኖ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ይታዘዛል። ሌላው የቻይና ፍላሽ፣ የዮንግኑ ዋይኤን 560 አራተኛውም እንዲሁ ሬዲዮው ውስጡ ነው፤ በዋጋም በሥራም ተቀራራቢ ናቸው። ብቻ የአንዱ ትሪገር ሌላውን አያዝም። ዛሬ ከአንዱ ወገን ከገዛችሁ ነገ ሁለተኛም ሦስተኛም ፍላሽ ከዚያው ወገን ነው የምትገዙት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከተማችሁ ውስጥ ያሉ ፎቶ አንሺዎች የትኛውን እንደያዙ ጠይቁ። እኔ ጎዶክስን የመረጥኩበት ግማሽ ምክንያት የማውቃቸው ሦስት ልጆች እሱን ስለያዙና ሰርግ ሲደራረብ መዋዋስ ስለምንችል ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ጋይድ ነምበር ለሚባለው ቁጥር ብዙ አትጨነቁ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ቁጥሩን ለአፐርቸሩ፣ ማለትም ለሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር፣ ስታካፍሉት ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ይሰጣችኋል። 60 ከሆነ፣ ቀዳዳው ኤፍ 4፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ሲሆን፣ 15 ሜትር። ተንኮሉ ቁጥሩ የተለካበት ዙም ላይ ነው፤ ዙም የፍላሹ ጭንቅላት ብርሃኑን የሚያጠብበትና የሚያሰፋበት ነው። የቲቲ 600 60 የተለካው ጭንቅላቱ 200 ላይ ሲሳብ ነው፤ የዮንግኑ 58 ደግሞ 105 ላይ። ብርሃኑ በጠበበ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል። ስለዚህ 60ው ከ58ቱ ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ያገለገለ ለምትገዙ አጭር ነገር ልበል። የባትሪ ቤቱን ክፈቱ፤ ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል። የፊቱን መስታወት እዩ፤ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከተንጋደደ ሲቃጠል የኖረ ነው። ካሜራው ላይ ሰክታችሁ እግሩን ወዝወዝ አድርጉት። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ በአንድ ቅንብር አምስት ጊዜ አንሱ፤ አምስቱ ፎቶ እኩል ካልበሩ ተዉት። ባለቤቱ «ባትሪው ደክሞ ነው» ቢል እናንተ ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ሄዳችኋልና ሳቁ።

ባትሪ ካልን አይቀር፣ ሰው ሁሉ ስለ ፍላሽ ይጠይቀኛል፣ ስለ ባትሪ ድንጋይ ግን የሚጠይቀኝ አንድም ሰው የለም። ከማንኛውም ነገር በላይ ያዋረደኝ እሱ ነው። በአዲሱ ፍላሼ የሄድኩበት የመጀመሪያው ሰርግ ላይ ከሰፈር ሱቅ ስምንት ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ነበር፤ የግድግዳ ሰዓትና የአያቴ ሬዲዮ የሚሠሩበት ዓይነት። ጠዋት ደህና ነበር። ከሰዓት ፍላሹ በሁለት ትኩስ መሐል አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይተነፍስ ጀመር። ኬክ ሲቆረስ፣ ሙሽራው ለሙሽራዋ ሲያጎርሳት ተጫንኩ፤ ካሜራው ቀጭ አለ፣ ፍላሹ ዝም። «ይቅርታ፣ አንዴ ይደገምልኝ» አልኩ። አጎረሳት። ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጎርስ ሚዜዎቹ ይስቁ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፣ አፏ ሙሉ ነበር።

ፍላሽ እንደ ሬዲዮ ቀስ ብሎ አይጠጣም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ነው የሚጎትተው። ተራው የካርቦን ድንጋይ ይህን አይችልም። አልካላይን ይሻላል፣ ግን እሱም ቶሎ ይደክማል፣ ተጥሎ የሚቀር በመሆኑም ለአንድ ሰርግ ያወጣችሁት ብር ለሌላው አይሆንም። መፍትሔው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ነው። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ይላል፤ ተራው 1.5 ስለሚል ሰው ያነሰ ይመስለዋል። ግን ፍላሹ ሲጎትተው እጁ የማይታጠፈው እሱ ነው። ፓናሶኒክ ኤነሉፕ የታወቀው ነው፤ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ሞልቶ ተቀምጦም ቶሎ አይደርቅም።

ታዲያ ገበያ ላይ 4000፣ 5000 ተብሎ የተጻፈበት ታገኛላችሁ። በዚያ መጠን የሚሠራ እውነተኛ ኒኬል ባትሪ 2500ን አለፍ ካለ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት አራት ገዝቼ በጣም ቀለሉኝ። ወርቅ ቤት የሚሠራ የሰፈሬ ልጅ ነበርና ወርቅ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጠልኝ፤ 15 ግራም። ኤነሉፑን ስናስቀምጥ 26 ተኩል። «የኔ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ይሄኛው መዳብ ነው እለው ነበር» አለኝ።

ባትሪዎቼን አራት አራት አድርጌ የእህቴን የጥፍር ቀለም ቀብቼባቸዋለሁ፤ ቀዮቹ ከቀዮቹ፣ ሮዞቹ ከሮዞቹ አይለዩም። አራቱ አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ያልቃሉ፤ የደከመ ከሞላ ጋር ከተቀላቀለ የደከመው ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። ቻርጀሩ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚሞላ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ስለማናውቅ ለእሑድ ሰርግ አርብ ጠዋት መሙላት እጀምራለሁ። ለአንድ ሰርግ 12 ይበቃኛል፤ በሙሉ ኃይል አልተኩስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ወይም 1/8 ላይ ነኝ።

«ሊቲየም ያለው አይሻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይሻላል። ጎዶክስ ቪ 860 ሁለተኛው በአንድ ሙሌት 650 ያህል ሙሉ ትኩስ ይሰጣል፣ በ1.5 ሰከንድም ይሞላል። ግን ባትሪው የራሱ ብቻ ነው። ሰርግ መሐል ካለቀ ጎንደር ውስጥ የትም ሮጣችሁ አትገዙትም። ቲቲ 600 ሲጨንቀው የሰዓት ድንጋይም ይበላል።

ወደ አረንጓዴው ድንኳን ልመለስ። ፍላሹን ከገዛሁ በኋላ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ሰርግ ላይ ድንኳኑ ቀይና ቢጫ ነበር። ትሪገሬ ገና ከአዲስ አበባ አልደረሰልኝም፣ ፍላሹ ካሜራው አናት ላይ ነው። ቀና ብዬ ሸራውን አየሁና ተስፋ ቆረጥኩ። ጎኔ ላይ የሙሽራው አያት አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፍላሹን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደሳቸው ደረት አዞርኩት።

«አባባ፣ እዚሁ ይቁሙልኝ።»

«ልታነሳኝ ነው?»

«አይ፣ ብርሃን ሊሆኑኝ ነው።»

ምን እንዳልኩ አልገባቸውም፣ ግን ደስ አላቸው፤ ጋቢያቸውን ዘርጋ አድርገው ተኮፈሱ። ብርሃኑ ከጋቢው ነጥሮ ከጎን በኩል ሙሽሮቹ ላይ ሲወድቅ በመስኮት የገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ነጭ የለበሰ ትልቅ ሰው ነው። በኋላ ነጭ የፎቶ ጃንጥላ ገዛሁ፤ ወንድሜ በረጅም እንጨት ይዞ ይከተለኛል። ለድንኳን የምነሳበት ቅንብር አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ ሹተር (የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/80 ሰከንድ፣ ፍላሹ ሩብ ላይ፣ ጃንጥላው ከሙሽሮቹ ሁለት ሜትር። ፊታቸው ከበራ ኃይሉን፣ ከኋላ ያሉት አምፖሎች ከጨለሙ ሹተሩን እነካለሁ። ሹተሩ የፍላሹን ብርሃን አይለውጠውም፤ የአካባቢውን ብርሃን ብቻ ነው የሚጨምረውና የሚቀንሰው። ይህቺ ነገር እስክትገባኝ አንድ ዓመት ፈጅታብኛለች።

ቀን ለቀን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሲሆን ተመራቂው ሁሉ ጋውኑን ለብሶ ፋሲል ግንብ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ቆቡ ፊቱ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ዓይን አይታይም። ፍላሽ እዚህ ጥላውን ለመሙላት ነው። ፀሐዩ ስለጠነከረ ሹተሩን 1/320 አደረግኩና አንድ ሙሉ ቤተሰብ አነሳሁ፤ ቤት ሄጄ ሳየው ከፎቶው አንዱ ጠርዝ ጥቁር ቡትቶ የተጋረደበት ይመስላል። የ700ዲ መጋረጃ ፍላሽ ሲበራ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሚሆነው እስከ 1/200 ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲፈጥን መጋረጃው በከፊል እንደተዘጋ ፍላሹ ይበራል። በካነን ቲቲኤል ፍላሽ ካሜራው ራሱ 1/200 ላይ ያቆማችኋል። ማንዋል ሲሆን ግን ካሜራው ምን እንደተሰካበት አያውቅምና ዝም ብሎ ያያችኋል። ቲቲ 600 ከካሜራው ወርዶ በራሱ ትሪገር ሲታዘዝ በፈጣን ሹተርም ይሠራል፤ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። እኔ ተመራቂዎቹን ይዤ የግንቡ ጥላ ውስጥ መግባት ይቀለኛል።

ፍላሽ ከቦርሳ የማላወጣበትም ቦታ አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ጣራውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ስንት ዘመን የቆዩ ሥዕሎች ናቸው፤ በሩ ተከፍቶ በሚገባው ብርሃን አይኤስኦ 3200 ላይ ታገሱ። ጥምቀት ንጋት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ውሃው ሲረጭ ደግሞ ፍላሹ የሚያበራው ሰውን ሳይሆን ፊታችሁ ያሉትን ጠብታዎች ነው፤ ፎቶው ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ውሃ ከገባበትም አበቃለት። በፌስታል ሸፍኜ ሞክሬ አውቃለሁ፤ አልመክርም።

ባለፈው ዓመት ፍላሹ ወደቀብኝ። ወንድሜ እንጨቱን ይዞ ቆሞ እስክስታው ደመቀ፤ አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ ጃንጥላውን መታውና ከነፍላሹ ሲሚንቶ ላይ። የባትሪ ክዳኑ ተሰበረ፣ ዙሙም አልንቀሳቀስ አለ። ያንኑ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። አየው፣ አገላበጠው፣ መልሶ ሰጠኝ። «ባትሪውን አውጥተህ ከሳምንት በኋላ አምጣው» አለ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከጠፋ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ይቆያል፣ አንድ ጊዜ መትቶት ያውቃል። ራሳችሁ እንዳትከፍቱት። በሳምንቱ ያንንም ካፓሲተር አስቀድሞ በሬዚስተር አፍስሶ ከፈተው፤ የዙሙ ጥርስ ተሰብሯል፣ መለወጫ የለም። ጭንቅላቱን 35 ላይ አስቁሞ ዘጋልኝ። ክዳኑን በላስቲክ ጠፍሬዋለሁ። ለጃንጥላ 35 ይበቃኛል።